የምዘና የውጭ አቻ ግምገማ ደረጃ በደረጃ፦ «ጥሩ ነው» የሚል ባዶ ሪፖርት እንዳይመለስላችሁ

የፈተናችሁንና የፕሮጀክታችሁን ሰነድ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምር የሙያ አጋር ላካችሁ። ከአንድ ወር በኋላ ግማሽ ገጽ መልስ መጣ፦ «ምዘናው ጥሩ ነው፤ ጥቂት የፊደል ግድፈቶች ይስተካከሉ።» ኃላፊው ፈረመበት፣ ፋይሉ ሼልፍ ላይ ወጣ፣ በዓመቱ ያው ተደገመ።

ጥፋቱን ገምጋሚው ላይ መጣል ይቀላል። ግን ሰውየው ምን እንደተጠየቀ ካልተነገረው፣ ግማሹ ሰነድ ካልደረሰው፣ የተላከለት ወረቀት ደግሞ የጎበዞች ብቻ ከሆነ ሌላ ምን ይበል? ይህ ሥራ የሚቃናውም የሚበላሸውም ጥቅሉ ከመላኩ በፊት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ዝግጅቱ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ።

መመሪያው ለኮርስ አስተባባሪዎችና ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ነው። በገምጋሚነት የተጠራችሁ ከሆናችሁ ደረጃ 7 የእናንተ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሥራው ምን እንዳልሆነ ተስማሙ

የውጭ አቻ ግምገማ የመምህር ቁጥጥር አይደለም። የተማሪ ቅሬታ ማጣሪያም አይደለም። የሚመልሰው አራት ነገር ነው፦ የሰጣችሁት ሥራ እንለካዋለን ያላችሁትን ይለካል? ክብደቱ ለደረጃው ይመጥናል? የማረሚያ መስፈርቱ ግልጽ ነው? እናንተ 75 የሰጣችሁት ወረቀት ሌላ ቦታም 75 አካባቢ ያገኛል?

አንድ ነገር በጽሑፍ አስቀምጡ፦ *ገምጋሚው የተማሪ ውጤት አይቀይርም።* ይህ ካልተጻፈ መምህራን ወረቀት መስጠት ይፈራሉ፣ ገምጋሚውም ቅሬታ እንዳያስነሣ ብሎ ይለዝባል። በግምገማው መሀል የድምር ስህተት ወይም የተሳሳተ የመልስ ቁልፍ ከተገኘስ? በተቋማችሁ የተለመደ የውጤት ማስተካከያ መንገድ ይሄዳል። የሚታረመውም ለሁሉም ተማሪ እንጂ ናሙና ውስጥ ለገቡት ብቻ አይደለም።

## ደረጃ 1፦ አንድ ኮርስ ምረጡ

አንድ ብቻ። አሥራ ሁለት ኮርስ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው የላከ ትምህርት ክፍል የሚያገኘው አሥራ ሁለት ጊዜ «ጥሩ ነው» ነው። የአውስትራሊያ የከፍተኛ ትምህርት ደረጃዎች ማዕቀፍ (እ.ኤ.አ. 2021) የምዘና ዘዴንና የውጤት አሰጣጥን ከውጭ ጋር ማነጻጸርን ግዴታ አድርጎታል። እሱም ቢሆን የሚጠይቀው ለተመረጡ ኮርሶች ነው።

ቅድሚያ የሚሰጣቸው እነዚህ ናቸው፦

- የመጨረሻ ዓመት ኮርስ ወይም የመመረቂያ ፕሮጀክት። ምሩቁ ምን ይችላል የሚለው እዚያ ነው የሚታየው።
- በተለያዩ መምህራን የሚሰጥና አማካይ ውጤቱ ከሴክሽን ሴክሽን የሚራራቅ ኮርስ።
- የማለፍ መጠኑ ድንገት የጨመረ ወይም የቀነሰ ኮርስ።

የሚያኮራችሁን ኮርስ አትላኩ። የምትማሩበት ነገር የለም። በቀጣዩ ዓመት ሙሉ በሙሉ የሚቀየር ኮርስም ይቅር፤ ምክሩ ሲደርስ ኮርሱ የለም።

## ደረጃ 2፦ ጥያቄያችሁን ጻፉ

«እባክዎ ምዘናውን ተመልክተው አስተያየትዎን ይላኩልን» ጥያቄ አይደለም። ደረቅ ትሕትና ነው። ገምጋሚው ያንኑ ትሕትና ይመልስላችኋል።

በወረቀትና በማስረጃ የሚመለስ ጥያቄ ጻፉ። እንዲህ ያለ፦

- ሦስተኛው የመማር ውጤት (ተማሪው ኮርሱን ሲጨርስ ይችለዋል ያላችሁት ነገር) «ተማሪው አማራጭ መፍትሔዎችን አነጻጽሮ ይመርጣል» ይላል። ተማሪው አንድ መፍትሔ ብቻ አቅርቦ በእኛ መስፈርት ሙሉ ነጥብ ማግኘት ይችላል?
- ከ50 እስከ 54 ያገኙት ወረቀቶች እርስዎ ዘንድ ያልፋሉ?
- «ጥሩ» እና «በጣም ጥሩ» የሚሉት ደረጃዎች ከሩብሪኩ (በየመስፈርቱ ለየደረጃው ምን እንደሚጠበቅ ከሚዘረዝረው የማረሚያ ሰንጠረዥ) ቃል ብቻ ተነሥቶ ይለያያሉ?
- ተማሪው ሥራውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አሠርቶ ቢያቀርብ፣ የራሱ አለመሆኑ በየትኛው የምዘና ክፍል ላይ ይታወቃል?

ከአምስት ጥያቄ አትለፉ። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን ሦስት ምርጫ አኑሩ፦ አዎ፣ በከፊል፣ አይደለም። ቀጥሎ «ማስረጃ፦ የትኛው ወረቀት፣ የትኛው ገጽ?» የሚል ባዶ ቦታ ይኑር። ይህ ቦታ ካልተሞላ ቅጹ እንዳልተጠናቀቀ ቀድማችሁ ንገሩ። ከመላው መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ትወስዳላችሁ ብባል ይህን የማስረጃ ቦታ ውሰዱ እላለሁ።

*ጥያቄ ካልመጣላችሁ፦* ኮርሱን ያረሙትን መምህራን «ነጥብ ለመስጠት ያመነታችሁበት ወረቀት የቱ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው እዚያ ተቀምጧል።

## ደረጃ 3፦ ትክክለኛውን ገምጋሚ አግኙ

ትልቅ ስም አትፈልጉ። የምትፈልጉት በተመሳሳይ ደረጃ ተመሳሳይ ኮርስ አሁን የሚያስተምርና ወረቀት በገዛ እጁ የሚያርም ሰው ነው። ከምርምር ሌላ ሥራ የሌለው ፕሮፌሰር ለዶክትሬት ጽሑፍ ግሩም ሊሆን ይችላል። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ምን ያህል እንደሚጽፍ ግን ረስቶት ይሆናል።

የጥቅም ግጭትን በግልጽ ጠይቁ፤ ምላሹን በጽሑፍ ያዙ። ገምጋሚው፦

1. በቅርብ ዓመታት እናንተ ጋ ሠርቷል ወይ ተምሯል?
2. ከኮርሱ መምህራን ጋር በጋራ ጽሑፍ ያሳትማል?
3. የመምህራኑ አማካሪ ነበር ወይ የእነሱ ተማሪ?
4. ናሙና ሊሆን ከሚችል ተማሪ ጋር ዝምድና አለው?

በእንግሊዝ ለኤክስተርናል ኤግዛሚነር (ምዘናን ከሌላ ተቋም መጥቶ ለሚገመግም ሰው) የተለመደው ገደብ ጠበቅ ያለ ነው። የቀድሞ ሠራተኛ አምስት ዓመት ሳይሞላው አይሾምም፤ ሹመቱም በተለምዶ ከአራት ዓመት አይዘልም። ቁጥሩን እንዳለ መውሰድ የለባችሁም። ምክንያቱ ግን ይሠራል፦ ሰው ከቤቱ ጋር ሲለመድ ዓይኑ ይደክማል።

*«እኔ ያንተን፣ አንተ የኔን» ከሚል ልውውጥ ተጠንቀቁ።* ሁለት ትምህርት ክፍሎች ፊት ለፊት ሲገማገሙ ሳይነጋገሩ ይስማማሉ። ማንም ማንንም አይነካም። ገንዘብ ከሌላችሁና ልውውጥ የግድ ከሆነ ሦስት ሁኑ፦ አንደኛው ሁለተኛውን፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን፣ ሦስተኛው አንደኛውን ይገምግም።

ሰዓቱንም አትደብቁ። 12 ያህል ወረቀት ያለው ጥቅል በደንብ ከታየ ሁለት ሙሉ የሥራ ቀን ሊወስድ ይችላል። «ትንሽ ያዩልን» ብላችሁ ካስጀመራችሁት ትንሽ ነው የሚያይላችሁ። የፈተና ሰሞን አትላኩ። ተጠባባቂ ገምጋሚ ከመጀመሪያው ይዛችሁ ተነሡ፤ የመጀመሪያው ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥቅሉ እንደደረሰው እንኳ ካልመለሰ፣ ሳትቀየሙ ወደ ሁለተኛው እለፉ።

## ደረጃ 4፦ ጥቅሉን አዘጋጁ

ይህን አንድ ሰው ይያዘው። «ሁላችንም እናዋጣ» ከተባለ የሆነ ነገር ይጎድላል።

4.1 የኮርሱ ገጽ። ዓመቱ፣ ክሬዲቱ፣ ቅድመ ሁኔታ የሆኑት ኮርሶች፣ የመማር ውጤቶቹ። ሁለት ገጽ ይበቃል።

4.2 የማዛመጃ ሰንጠረዥ። በአንድ በኩል የመማር ውጤቶቹን፣ በሌላው ጥያቄዎቹንና ሥራዎቹን ጻፉ፤ መገናኛቸው ላይ ነጥቡን አስገቡ። ሰንጠረዡን ስትሠሩ ራሳችሁ የምትደነግጡበት ነገር መውጣቱ አይቀርም። አንዱ የመማር ውጤት ምንም ጥያቄ የለውም፤ ሌላው አራት ጊዜ ተለክቷል። የኮርሱ ገጽ «ይተነትናል» ይላል፣ ከነጥቡ አብዛኛው ግን ትርጉም በቃል ለያዘ ይሰጣል።

ያን ጊዜ ሰንጠረዡን አታሳምሩት። ያገኛችሁትን ክፍተት ከሥሩ ጻፉና እንዳለ ላኩት። ያሳመራችሁት ሰንጠረዥ ገምጋሚውን ያሳስታል፣ ክፍተቱም በሚቀጥለው ዓመት ይጠብቃችኋል።

4.3 ሥራው ለተማሪ እንደተሰጠ። ቃል በቃል፣ ከሰዓቱና ከተፈቀዱ መሣሪያዎች ጋር። በኋላ የታረመውን ቅጂ ሳይሆን ተማሪው እጅ የገባውን።

4.4 የማረሚያ መስፈርቱ፣ ያልተጻፈውም ጭምር። የመልስ ቁልፍ ወይ ሩብሪክ አላችሁ። ነገር ግን አራሚዎቹ ቁጭ ብለው «አካሄዱ ትክክል ሆኖ መልሱ ከተሳሳተ ግማሽ እንስጥ» ተባብለዋል። ይህ ስምምነት የትም አልተጻፈም። ገምጋሚው ስለማያውቀው ዜሮ ይሰጣል፣ እናንተ ደግሞ «ይሄ ሰው ጨካኝ ነው» ትላላችሁ። አራሚዎቹን ሰብስቡና እንዲህ ያሉ የቃል ስምምነቶችን በአንድ ገጽ አውጡ።

4.5 የውጤት ስኬላችሁ። ማለፊያው ስንት ነው? «ቢ» ከስንት ይጀምራል? አንድ ቦታ ከ70፣ ሌላ ቦታ ከ75 ሊጀምር ይችላል። ይህ ካልተላከ ገምጋሚው የራሱን ስኬል ይዞ ያርማል። ከዚያ የሚወጣው ልዩነት የደረጃ ልዩነት ይሁን የስኬል ልዩነት መለየት አይቻልም።

4.6 ክፍል ውስጥ ምን ነበር? ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው። ከባድ የሚመስል የትንተና ጥያቄ ባለፈው ሳምንት በክፍል ከተሠራ፣ ወይም ካለፈው ዓመት ፈተና እንዳለ ከተወሰደ፣ የሚለካው ትንተናን ሳይሆን ትውስታን ነው። ገምጋሚው ይህን ከወረቀቱ ሊያነብ አይችልም። የትኞቹ ጥያቄዎች አዲስ፣ የትኞቹ የተደገሙ፣ የትኞቹ ፍንጭ የተሰጠባቸው እንደሆኑ ምልክት አድርጉ።

4.7 የውጤት ሥርጭት። ስንት ተማሪ በየትኛው የውጤት እርከን? ካላችሁ የሁለት ሦስት ዓመቱን ጨምሩ።

የክፍል ስላይድ፣ የስም መጥሪያ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ አትላኩ። ጥቅሉ በወፈረ ቁጥር የሚነበበው ይቀንሳል።

*ጥቅሉ ተሟልቶ እንደሆነ መሞከሪያ፦* ኮርሱን አስተምሮ የማያውቅ የክፍላችሁ ባልደረባ ጥቅሉን ብቻ ይዞ አንድ ወረቀት ያርም። ሊጠይቃችሁ ከመጣ፣ የጠየቀው ነገር ጥቅሉ ውስጥ የለም ማለት ነው።

## ደረጃ 5፦ ናሙናውን በዕጣ አውጡ

ናሙናውን መምህሩ በራሱ ምርጫ አያውጣ። ሰውየው ቅን ቢሆን እንኳ እጁ ወደ ሚነበብ የእጅ ጽሑፍና ወደ ንጹሕ ወረቀት ይሄዳል።

120 ተማሪ ያለውን ኮርስ እንውሰድ፦

1. የሁሉንም ተማሪ ውጤት ኤክሴል ላይ አስገቡ።
2. በውጤት እርከን ክፈሉ። ለምሳሌ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና የወደቁ።
3. በየረድፉ የዕጣ ቁጥር የሚሰጠውን ቀመር፣ =RAND()፣ ጻፉ። ቁጥሮቹን ወዲያው ቅዱና እንደ ቁጥር ብቻ መልሳችሁ ለጥፉ፤ አለበለዚያ ፋይሉ በተነካ ቁጥር ዕጣው ይቀያየራል።
4. በየእርከኑ በዕጣ ቁጥሩ ደርድሩና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ውሰዱ። እስካሁን 10 ወረቀት።
5. ከማለፊያው ነጥብ ልክ በላይና ልክ በታች ካሉት ሁለት ሁለት ጨምሩ። አሁን 14 ሆነ።

አምስተኛውን አትተዉት። በ85 እና በ90 መካከል ያለው ልዩነት ከማለፍና ከመውደቅ ጋር አይተካከልም። የተማሪው ዕጣ ፈንታ የሚወሰነው እዚያ ጠርዝ ላይ ነው፤ የአራሚዎች እጅ በብዛት የሚወላውለውም እዚያው ነው።

ኮርሱን ሁለት ሦስት መምህራን አርመውት ከሆነ የሁሉም ወረቀት ናሙናው ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ክፍሉ ከ15 ተማሪ በታች ከሆነ ዕጣ አያስፈልግም፤ ሁሉንም ላኩ።

*ዕጣ የወጣለት ወረቀት ከጠፋ ወይም ስካኑ ካልተነበበ፦* በዚያው እርከን በዕጣ ቅደም ተከተል የሚቀጥለውን ውሰዱ፣ መተካቱንም መዝግቡ። ሁለተኛ ወረቀት ከጠፋባችሁ ግን ቆም በሉ። ችግራችሁ የሰነድ አያያዝ ነው፤ ግምገማው ከዚያ በኋላ ይቆይ።

ፈተናው ምርጫ ብቻ ከሆነ

የምርጫ ጥያቄ ወረቀት ለገምጋሚ ልኮ ማሳረም ጊዜ ማባከን ነው። ኮምፒዩተርም ሰውም ያንኑ ውጤት ይሰጣል። በምትኩ ጥያቄዎቹን ከጥያቄ ትንተና ጋር ላኩ። ሁለት ቁጥር ይበቃል።

የመጀመሪያው የክብደት ቁጥር ነው፦ በትክክል የመለሱትን ለተፈተኑት ማካፈል። 0.95 ከሆነ ሁሉም ማለት ይቻላል መልሶታል። ሁለተኛው የመለየት ቁጥር ነው። በጠቅላላ ውጤት ከላይ ያሉትን 27 በመቶና ከታች ያሉትን 27 በመቶ ተማሪዎች ውሰዱ። ከላይኛው ቡድን በትክክል ከመለሱት ድርሻ የታችኛውን ቀንሱ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ከሆነ ሰነፉ መልሶት ጎበዙ ስቶታል ማለት ነው። ያን ጊዜ ጥያቄውን ከመውቀሳችሁ በፊት የመልስ ቁልፉን ፈትሹ፤ ብዙ ጊዜ ስህተቱ እዚያ ይገኛል።

## ደረጃ 6፦ ማንነትን አጥፉ

ስሙን ከሽፋኑ በጥቁር መሰረዝ አይበቃም። ስም የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ብዙ ናቸው፦

- የፋይሉ ስም ራሱ።
- በየገጹ ራስጌና ግርጌ የተጻፈ የመታወቂያ ቁጥር።
- የወርድና የፒዲኤፍ ፋይል ባሕርይ ውስጥ ያለው የደራሲ ስም።
- የመመረቂያ ጽሑፍ የምስጋና ገጽ። «ለእናቴ...» የሚለው ብቻ ተማሪውን ያሳውቃል።
- የመመሳሰል ማጣሪያ ሪፖርት።
- በህዳግ ላይ የቀሩ የመምህሩ አስተያየቶች ከነስሙ።
- ለፕሮጀክቱ መረጃ የሰጡ ሰዎችና ድርጅቶች ስም።

የፒዲኤፍ ፋይል ላይ ጥቁር ሳጥን መለጠፍም አያስተማምንም፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ተመርጦ ሊቀዳ ይችላል። ሸፍናችሁ ስትጨርሱ ገጹን ወደ ምስል ቀይሩ ወይም አትማችሁ ስካን አድርጉ። ከዚያ በፋይሉ ውስጥ የተማሪውን ስም ፈልጉ። ከመጣ አልጠፋም።

ለየወረቀቱ ኮድ ስጡ፦ ሀ-01፣ ሀ-02 እያላችሁ። ኮዱ ውጤቱን እንዳይናገር ተጠንቀቁ፤ ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ ከደረደራችሁት ገምጋሚው ሦስተኛው ወረቀት ላይ ይነቃበታል። አደበላልቁ። ኮዱን ከስም ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር አንድ ሰው ጋ ይቀመጥ፣ ከጥቅሉ ጋር አይላክ።

የተማሪ ሥራ ለውጭ ገምጋሚ እንደሚታይ ተቋማችሁ ለተማሪዎች አሳውቋል? ካላሳወቀ የሚመለከተውን ክፍል ቀድማችሁ ጠይቁ። ለሚቀጥለው ዙር ደግሞ ኮርስ አውትላይኑ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሩ። ገምጋሚው ወረቀቶቹን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ እንዳያስገባ፣ ሲጨርስም እንዲያጠፋቸው በስምምነቱ ላይ ጻፉ።

የመምህሩ ነጥብ ወረቀቱ ላይ ካለስ?

እዚህ ጋ ብዙዎች ይደናቀፋሉ። ነጥብ ያየ ገምጋሚ ሳያውቀው ወደዚያው ነጥብ ይሳባል። 78 ተጽፎ ካየ ከ75 እስከ 80 ይሰጣል፣ «ተስማምተናል» ይባላል። ስለዚህ ነጥቡ መሸፈን አለበት። በቀይ እስክሪብቶ መስመር በመስመር የታረመ ወረቀት ግን አይሸፈንም። መፍትሔው ኮርሱ ሲጀመር ነው የሚመጣው፦ አራሚዎች ነጥብና አስተያየት በተለየ ወረቀት ላይ እንዲጽፉ ማድረግ። ጊዜው ካለፈባችሁ የታረመውን እንዳለ ላኩ፤ ነገር ግን በሪፖርቱ ላይ ገምጋሚው ነጥቡን አይቶ እንደሠራ ይጻፍ። እንዲህ ያለ መስማማት ብዙ ክብደት አይሰጠውም።

## ደረጃ 7፦ ግምገማው

7.1 አስቀድማችሁ ተናበቡ። ከናሙናው ውጭ ሁለት ወረቀት ምረጡ፤ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ የማለፊያ ጠርዝ ላይ ያለ። ገምጋሚውና መምህሩ ለየብቻ ያርሙት። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል በስልክ ወይም በቪዲዮ ተነጋገሩ። የውይይቱ ዓላማ ማን ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ ሩብሪኩ ውስጥ ያሉ ቃላትን ሁለቱም አንድ ዓይነት እንዲያነቡ ነው። «በቂ ማስረጃ» ማለት ስንት ነው? ቋንቋ ነጥብ ይቀንሳል ወይ?

ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ስለ ናሙናው አትደዋወሉ። የይዘት ጥያቄ ካለ በጽሑፍ ይሁን።

7.2 ገምጋሚ ሆይ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ሥራ፦

1. መጀመሪያ የመማር ውጤቶቹንና የተሰጠውን ሥራ ብቻ አንብብ። የተማሪ ወረቀት ገና አትክፈት። «ይህን ሥራ የሠራ ተማሪ እነዚህን ውጤቶች አሳይቷል ማለት ይቻላል?» የሚለውን መልስና ጻፈው። ወረቀት ካየህ በኋላ ሐሳብህ በተማሪው ጉብዝና ይሸፈናል።
2. ሁሉንም ወረቀት ነጥብ ሳትሰጥ አንድ ጊዜ በፍጥነት እለፍ።
3. ከዚያ በሩብሪኩ አርም። በየመስፈርቱ ነጥብ አስቀምጥ እንጂ ጠቅላላውን ብቻ አትጻፍ።
4. ያመነታህበትን ቦታ በምልክት ያዝ። ማመንታትህ መረጃ ነው፤ ሩብሪኩ የሚሰነጠቅበትን ቦታ ያሳያል።
5. ነጥቦችህን ላክ። ከዚያ በኋላ ብቻ የመምህሩን ነጥብ ተቀበል።
6. ልዩነት የታየባቸውን ወረቀቶች መልሰህ እይ፤ ምክንያቱን ጻፍ። የመጀመሪያ ነጥብህን ግን አትሰርዝ።

እናንተ አስተባባሪዎች፣ አምስተኛው ተራ ላይ ጠንክሩ። ነጥቡን ቀድማችሁ ከላካችሁ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

## ደረጃ 8፦ ልዩነቱን በትክክል አንብቡ

ሰንጠረዥ ሥሩ፦ ኮድ፣ የመምህሩ ነጥብ፣ የገምጋሚው ነጥብ፣ ልዩነት። ብዙዎች አማካዩን አስልተው ይጨርሳሉ። አማካይ ብቻውን ይዋሻል። ሁለት ሁኔታ እዩ።

*ሁኔታ አንድ።* መምህሩ 78፣ 64፣ 55፣ 49፣ 41 ሰጠ። ገምጋሚው 71፣ 58፣ 50፣ 44፣ 40። ልዩነቱ 7፣ 6፣ 5፣ 5፣ 1፤ አማካዩ 4.8። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ሁለቱም ወረቀቶቹን በአንድ ቅደም ተከተል ደርድረዋቸዋል፤ መምህሩ እጁ ለጋስ ነው፣ ወይም ገምጋሚው ይሰስታል። መነጋገር ያለባችሁ ማለፊያው የት ይሁን በሚለው ላይ ነው። ማለፊያው 50 ከሆነ ሦስተኛውን ወረቀት እዩት፤ ገምጋሚው ዘንድ በአፍንጫው ነው ያለፈው።

*ሁኔታ ሁለት።* ልዩነቱ 9፣ ከዜሮ በታች 8፣ 7፣ ከዜሮ በታች 9፣ 1። አማካዩ ዜሮ! ሪፖርት ላይ «ልዩነት የለም» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። እውነቱ ግን ሁለቱ ሰዎች ስለ አንድም ወረቀት አልተስማሙም ማለት ይቻላል። ይህ ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ችግሩ የለጋስነት አይደለም፤ ሩብሪኩ ምን እንደሚፈልግ ግልጽ አይደለም፣ ወይም አንደኛው ይዘቱን ሲያይ ሌላው አቀራረቡን እያየ ነበር።

ስለዚህ ሁለት ቁጥር አውጡ፦ አማካይ ልዩነት ከነምልክቱ፣ እና አማካይ ልዩነት ያለ ምልክቱ። በሁለተኛው ሁኔታ ያለ ምልክት ሲሰላ 6.8 ይመጣል። ዜሮ የመሰለው ነገር ይጋለጣል።

ከዚያ በየመስፈርቱ ውረዱ። ልዩነቱ በሁሉም መስፈርት ተበትኖ ነው ወይስ «ሂሳዊ ትንተና» በሚለው አንዱ ላይ ተከምሯል? ተከምሮ ካገኛችሁት መፍትሔው የአንድ አንቀጽ ማስተካከያ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ 14 ወረቀት ጥቂት ነው። ከዚህ ተነሥታችሁ «መምህሩ በ5 ነጥብ ለጋስ ነው፣ ከሁሉም ተማሪ 5 እንቀንስ» እንዳትሉ። ናሙናው የሚጠቁመው የት መመርመር እንዳለባችሁ ነው። ገምጋሚውም ይሳሳታል፤ የእሱ ነጥብ ወርቅ አይደለም። ልዩነቱ ከአንድ የውጤት እርከን በላይ ሆኖ ካልተፈታ ለሦስተኛ ሰው፣ ነጥብ ሳይታይ፣ እነዚያን ወረቀቶች ብቻ ላኩ።

## ደረጃ 9፦ ሪፖርቱን ተቀበሉ፣ መልሱም

ሪፖርቱ ሲመጣ መጀመሪያ የማስረጃውን ቦታ እዩ። «በከፊል» ተብሎ ወረቀት ካልተጠቀሰ መልሳችሁ ላኩ፦ «የትኛው ወረቀት ላይ አዩት?» ይህ ነውር አይደለም። እንዲህ መጠየቅን እያፈርን ነው ባዶ ሪፖርት የለመድነው።

ቀጥሎ መምህራኑን ሰብስቡ። ሪፖርቱን በኃላፊ አፍ አታስነግሩ፤ ራሳቸው ያንብቡት። የመጀመሪያው ስሜት ቁጣ ከሆነ አትደነቁ። «የእኛ ተማሪዎች ምን እንደሆኑ እሱ ምን ያውቃል?» የሚል ይነሣል። ያን ጊዜ ወደ ወረቀቱ ተመለሱ፤ ሀ-09ን ፊት ለፊት አስቀምጡና አብራችሁ አንብቡ። ክርክሩ ከሰው ወደ ወረቀት ሲዞር ይበርዳል።

ለእያንዳንዱ ምክር ከሦስት አንዱን ወስኑ፦

- *ተቀብለናል።* ምን ይቀየራል፣ ማን ይቀይረዋል፣ ከየትኛው ሴሚስተር ጀምሮ?
- *በከፊል ተቀብለናል።* የትኛውን ክፍል፣ ለምን?
- *አልተቀበልንም።* ምክንያቱ በጽሑፍ።

አለመቀበል መብታችሁ ነው። ዝም ማለት ግን አይፈቀድም። በዚህ ላይ አንድ ሰው ስሙ ያልተጻፈበት ውሳኔ ማንም አይሠራውም፤ «ትምህርት ክፍሉ ይከታተላል» ብላችሁ አትጻፉ። የምላሹን ቅጂ ለገምጋሚው ላኩለት። ሁለት ቀኑን የሰጠ ሰው ምን እንደተደረገበት ማወቅ አለበት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስትጠሩትም ይመጣል።

*ሪፖርቱ ሙሉ በሙሉ ምስጋና ሆኖ ከመጣ፦* ሁለት ነገር ፈትሹ። ገምጋሚው ነጥቡን ቀድሞ አይቶ ነበር? የጠርዝ ወረቀቶች ናሙናው ውስጥ ነበሩ? ሁለቱም ደህና ከሆነና ማስረጃው ተሞልቶ ከሆነ ምስጋናውን ተቀበሉት፤ አንዳንዴ ኮርሱ እውነትም ጥሩ ነው።

*ሪፖርቱ ሙሉ በሙሉ ወቀሳ ከሆነ፦* ስኬሉንና የቃል ስምምነቶቹን ገጽ መላካችሁን አረጋግጡ። አልተላከ እንደሆነ ላኩና የጠርዝ ወረቀቶችን ብቻ እንደገና እንዲያይ ለምኑት።

*መምህሩ ወረቀት አልሰጥም ካለ፦* አታስገድዱት። ፈተናውንና መስፈርቱን ብቻ፣ ያለ ተማሪ ወረቀት፣ አስገምግሙ። ግማሽ ሥራ ነው፤ ግን የማዛመጃ ሰንጠረዡ ብቻውን ብዙ ያወጣል። የወረቀቱን ክፍል ለሚቀጥለው ዙር ያዙት።

የተቀየረው ሩብሪክ በሚቀጥለው ሴሚስተር ሥራ ላይ ሲውል፣ ልዩነት ከታየባቸው ወረቀቶች አራቱን አውጡና አዲሱን መስፈርት ይዘው ሁለት የክፍላችሁ መምህራን ለየብቻ ያርሟቸው። ነጥባቸው ካልተቀራረበ አዲሱን ሩብሪክ ለተማሪ ከመስጠታችሁ በፊት እንደገና ጻፉት።